ሙቅ ውሃው ብቻ ቡናማ ሲሆን

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አዲስ አበባ ያለ ወንድማችን ቤት 80 ሊትር የሚይዝ የኤሌክትሪክ ቦይለር አለ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውሃው ቡናማ ሆኖ ይመጣል፣ ቀዝቃዛው ግን ንጹህ ነው። አምና የቦይለሩ የውስጥ ማሞቂያ ተቃጥሎበት ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ቀይሮለታል። «የከተማው ውሃ ነው ወይስ ቧንቧው?» ይላል።

ሁለቱም አይመስለኝም። የከተማው ውሃ ቢሆን ቀዝቃዛውም ይደፈርስ ነበር። ዝገቱ የሚመጣው ከታንከሩ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። ከጥገናው በኋላ መጀመሩን ሳይ ደግሞ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይሄን ነው፦ ታንከሩን ከዝገት የሚጠብቀው የማግኒዥየም ዘንግ የለም። ወይ አልቋል፣ ወይ ያ ሰውዬ አውጥቶ ሳይመልሰው ቀርቷል። ማሞቂያውን ይቀይሩና ዘንጉን «ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?» ብለው ይጥሉታል። አንዳንዱ ርካሽ ማሞቂያማ ጭራሽ ዘንግ የሚታሰርበት ቀዳዳ እንኳ የለውም፣ እሱን ለሚሸጥ ሰው ምን ይባላል!

ከመፍታትህ በፊት ብሬከሩን አውርድ። የግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ አይበቃም፤ አንዳንድ ቤት ፌዙና (መብራት የሚያመጣው ገመድ) ኒውትራሉ (የሚመልሰው) ተገላብጦ ስለሚታሰር ማብሪያው ጠፍቶም ማሞቂያው ላይ መብራት ይኖራል። ቴስተርህን መጀመሪያ መብራት ባለው ሶኬት ሞክረው፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ገመድ ፈትሽ። ከዚያ የመግቢያውን ውሃ ዝጋ፣ ታንከሩን አፍስስ፣ የሥሩን ክዳን ቡሎኖች ፍታ።

አሁን የምወዳትን ነገር ላውራ፣ የቸኮለ ይዝለላት። የማግኒዥየም አተም 12 ኤሌክትሮን አለው። 2ቱ ኒውክለሱ አጠገብ ናቸው፣ 8ቱ ከነሱ ቀጥለው፣ የቀሩት 2 ደግሞ ዳር ላይ ለብቻቸው። ውስጥ ያሉት 10 የኒውክለሱን ስበት ስለሚጋርዱ የዳሮቹ ልል ናቸው። በማንኛውም ሜታል ውስጥ ደግሞ የዳር ኤሌክትሮን የአንድ አተም ንብረት አይደለም። በሁሉም መሃል ይንሸራሸራል፣ አተሞቹን አያይዞ የሚያቆማቸውም እሱ ነው፣ ሽቦ መብራት የሚያስተላልፈውም በዚሁ ነው። እንግዲህ ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ኤሌክትሮን ይፈልጋል። ከብረቱ ሲወስድ ብረቱ አዮን (ኤሌክትሮን የጎደለው አተም) ሆኖ ይወጣና ይዝጋል። ማግኒዥየም ከታንከሩ ጋር በቡሎን ከተያያዘ ግን ሁለቱን ኤሌክትሮን ቀድሞ የሚሰጠው እሱ ነው። እሱ ውሃው ውስጥ እየሟሟ ያልቃል፣ ኤሌክትሮኖቹ በብረቱ በኩል አልፈው ኦክስጅኑ ጋ ይደርሳሉ፣ ብረቱ የራሱን ሳያወጣ ይቀመጣል። ዘንጉ ዋስ ነው በለው፤ ዋሱ ከጠፋ ባለዕዳው ራሱ ይያዛል። በቮልት ሲለካ ማግኒዥየም −2.37፣ ዚንክ −0.76፣ ብረት −0.44፣ መዳብ +0.34 ነው። ቁጥሩ ወደ ታች በሄደ ቁጥር መስጠት ይቀለዋል። ታንከሩ ውስጡ በኢናሜል (መስታወት መሰል ሽፋን) ቢሸፈንም ጥቃቅን ቀዳዳ አያጣም፣ ዝገቱ የሚጀምረው እዚያች ጋ ነው።

መዳብ መጨረሻ ላይ መሆኑን አየህ? ለዚህ ነው የነሐስ ኒፕል (አጭር የቧንቧ ማገናኛ) በቀጥታ ታንከሩ ላይ ሲታሰር የምበሳጨው። ነሐስ አብዛኛው መዳብ ነው፣ ብረቱን ያስበላዋል። ቴፍሎን ጠቅልያለሁ አትበለኝ፣ ጥርሱ ቀዶት ሜታል ከሜታል ይነካካል። ውስጡ ፕላስቲክ ያለው መለያ አስገባበት።

ክዳኑ ሲወርድ ዘንጉ ካለ እየው። ከግማሽ በላይ ከሳሳ ወይም የመሃሉ ሽቦ ከታየ ቀይረው። የሚታሰርበትን ቦታ ፋቅ ፋቅ አድርገው፣ ሜታሉን ካልነካ አይሠራም። የታንከሩን ዝቃጭ እጠብ፣ የክዳኑን ጎማም አዲስ አድርግ፣ አሮጌውን በማጣበቂያ እንዳታታልለው። ከዚያ በኋላ በዓመት አንዴ ክፈተውና እይ።

ታንከሩ ራሱ ማንጠባጠብ ከጀመረ ግን በማስበየድ ገንዘብህን አታባክን። ብየዳው ኢናሜሉን ዙሪያውን ያቃጥለዋል፣ ጥቂት ቆይቶ አጠገቡ ይበሳል። ያኔ አዲስ ግዛ።

ስትጨርስ መጀመሪያ ውሃ ሙላ። የሙቁ ቧንቧ አየር ሳይተፋ ቀጥ ብሎ እስኪወርድ ጠብቅ። ብሬከሩ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው፣ እስከዚያ ድረስ ማንም እንዳይነካው ለቤተሰቡ ንገር። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ቡናማ ቢወጣ አትደንግጥ፣ የቀረው ዝቃጭ ነው።