ተሰብሮ የቀረ ብሎን፤ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ዝገው ሞተር ውስጥ ስለተሰበሩ ብሎኖች የሚያነሡ በመሆናቸው፣ አምስቱን መርጬ በአንድነት መልሻቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ባለ 5ኤል ናፍጣ ሞተር ሃይሉክስ አለኝ። የውሃ ፓምፑን ስፈታ አንዱ ብሎን ከአንገቱ ተቀነጠሰ፤ የቀረው የጣት ውፍረት ያህል ወጥቶ ይታያል። በፒንሳ ይዤ ባዞረውም አልንቀሳቀስ አለኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ፒንሳውን ያስቀምጡት፤ የቀረውን ጉቶ እየላጠ መያዣ ከማሳጣት በስተቀር የሚያመጣልዎት ነገር የለም። ጉቶው ወደ ውጭ መውጣቱ ግን ትልቅ ዕድል ነው። በመጀመሪያ ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽ ጠርገው ዝገት አላቃቂ ዘይት ያርከፍክፉበት፣ አናቱን በመዶሻ ቀለል አድርገው ደጋግመው ይምቱትና ሳይቸኩሉ ያሳድሩት፤ ዘይቱን ወደ ጥርሱ የሚያስገባው ጊዜና ንዝረት እንጂ ብዛቱ አይደለም። በማግስቱ ካልተላቀቀ፣ የእርስዎ ሞተር ብሎክ (ዋናው የሞተሩ አካል) ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ በመሆኑ ሙቀትን ይችላልና፣ ዘይቱን በሚገባ ጠርገው፣ የጎማ ቱቦዎችንና የነዳጅ መስመሩን አርቀው፣ ብሎኑን ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ብረት ያሙቁ። ይህም ካልረዳ ጥሩ በያጅ ይፈልጉ፤ ዳዶ በጉቶው ላይ አጥልቆ በቀዳዳው በኩል ከውስጥ ይበይደዋል። ብዙ ጊዜ ዝገቱን የሚሰብረው ዳዶው ሳይሆን የብየዳው ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ፍሙ እስኪጠፋ ይታገሡና በመፍቻ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እያሉ ያለማምዱት። ከብየዳው በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ መንቀል፣ የብየዳ ማሽኑንም የመሬት ገመድ በብሎኑ አጠገብ ማሰር አይርሱ።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ የቪትዜ ብሎን ከብሎኩ ገጽ ዝቅ ብሎ ተሰበረ። ግራ ጥርስ ያለውን የብሎን ማውጫ ገዝቻለሁ፤ ሰርስሬ ልክተተው?

መልስ፦ ሞተሩ ብረት ይሁን አሉሚኒየም ስላልገለጹልኝ አስቀድመው ማግኔት ያስጠጉበት፤ ካልያዘው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ይቀልጣል፤ እንደ ብረትም ቀልቶ አያስጠነቅቅምና በቀጥታ እሳት አይጠጉት።

ስለ ማውጫው ግን ልንገርዎት። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ አንዱን እጄ ላይ ሰብሬ፣ ለብሎኑ የሰጠሁትን አንድ ሰዓት ለተሰበረው ማውጫ ሁለት ቀን ከፍዬበታለሁ። መሣሪያው እጅግ የጠነከረ፣ ነገር ግን ተሰባሪ ብረት በመሆኑ ቀዳዳው ውስጥ ከቀረ ተራ ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) አይበላውም። ገና ያልላላ ብሎን ላይ በመፍቻ መግፋት ይህን ጣጣ መጥራት ነው። ስለዚህ የብሎኑን መሐል በሹል ብረት በትክክል ምልክት ያድርጉ፤ ፑንታ ከመሐል ከሸሸ ወደ ለስላሳው አሉሚኒየም ስለሚያዘነብል፣ ቶርኖ ቤት ቀዳዳ ያለው መሪ ቱቦ ቢያሠሩ ገንዘብዎ አይባክንም። በግራ ዙር የሚቆርጥ ፑንታ ካገኙ እሱን ያስቀድሙ፤ ብሎኑ ብዙ ጊዜ ገና ሲሰረሰር ራሱ ተከትሎት ይወጣል። የ8 ሚሊሜትር ብሎን ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊሜትር ከሆነ ከ6.8 ሚሊሜትር በላይ አይሰርስሩ፤ ከዚያ ካለፉ የብሎኩን ጥርስ ይነካሉ።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ብሎኑ ወጣ፤ የብሎኩ ጥርስ ግን ተበላ። በማጣበቂያ ልሙላው?

መልስ፦ አይሙሉት። ቀዳዳው ሰፋ ተደርጎ አዲስ ጥርስ ይወጣለትና የሽቦ ጠምዛዛ ጥርስ ይገባበታል፤ በአሉሚኒየም ላይ ከቀድሞው ጥርስ ቢጠነክር እንጂ አይደክምም።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ጣርማ በርን ዘወትር ስወጣና ስወርድ እውላለሁ። የእኔ መኪና ብሎኖች ለምን ሁልጊዜ ይሰበራሉ?

መልስ፦ ዳገቱን ብቻ አይክሰሱት። የጭስ ማውጫው ብሎኖች ረጅም ዳገት ላይ ግለው ቁልቁለት ላይ እየበረዱ ስለሚደክሙ እውነት አለዎት። ራዲያተር ውስጥ የምንጭ ውሃ ብቻ የሚሞሉ ከሆነ ግን ወደ ውሃው መስመር የሚደርሱትን ብሎኖች ከጫፋቸው የሚያዝገው እሱ ነው፤ ዝገት ተከላካይ ያለበትን ኩላንት ይጠቀሙ፣ እነዚህንም ብሎኖች ሲመልሱ ጥርሳቸውን በማሸጊያ ይቀቡ። ሌላው ጥፋተኛ መፍቻ ላይ የሚሰካው ረጅም ቧንቧ ነው፤ እርሱ ያጠበቀውን ብሎን ነው ነገ የሚፈቱት።

ጥያቄ (ከሸኖ)፦ ዝገት አላቃቂ ካጣሁ ናፍጣ ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል፣ ግን ዝግ ብሎ ነው፤ ጠዋትና ማታ እያርከፈከፉ ሁለትና ሦስት ቀን ይስጡት፣ በዚያ ቦታም እሳት አይለኩሱ።