ጋዋኑን ለብሶ በር ላይ ይቆማል

ጥያቄ፦

«ሰላም ዶክተር። 31 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ታናሽ ወንድሜ 23 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። ይናገራል፣ ያነባል፣ ይጽፋል። ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ መጫወት ግን አይሆንለትም። አባታችን ካረፈ ወዲህ ቤቱን የያዝነው እኔና እማዬ ነን። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ዘመዳችንን ለምኜ ዕቃ በሚያከፋፍሉበት መጋዘን አስገባሁት። መጀመሪያ ሁሉም ደስ ብሎት ነበር። ካርቶኖቹን በመጠቀሚያ ጊዜያቸው ተራ ደርድሮ የመጋዘኑን አለቃ ጋሼን ጉድ አሰኛቸው። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ጋሼ ‹መጣሁ፣ እዚህ ጠብቀኝ› ብለውት ወጡ። ወዲያው ውኃ የጫነ ኤፍኤስአር ደረሰ። ልጆቹ አውርድ ሲሉት ‹ጠብቅ ተብያለሁ› ብሎ ንቅንቅ አልል አለ። አንዱ ክንዱን ይዞ ጎተተው። ጮኸ። ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እጁን ነከሰ። ጋሼ ሲመለሱ ሰው ተሰብስቧል። ደውለው ‹አሞታል፣ ነይ ውሰጂው› አሉኝ። በማግሥቱ ‹ለትራንስፖርት› ብለው ለእማዬ ትንሽ ብር ላኩ። በዚያው ቀረ።

እማዬ ‹ልጄን የሰው መሳቂያ አደረግሽው፣ ካሁን በኋላ ከቤት አይወጣም› ብላ አኩርፋኛለች። ሁለት ወር ሆነን። እሱ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት 1፡30 ሲሆን ጋዋኑን ለብሶ የግቢው በር ላይ ይቆማል። ግማሽ ሰዓት ቆሞ ይመለሳል። ጥፋቱ የኔ ነው? እንደገና ልሞክርለት ወይስ እማዬን ልስማ?»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሥራው እንዳበቃ ለወንድምሽ የነገረው ሰው አለ? ደብዳቤሽን ደጋግሜ አየሁት። ለአንቺ ተደውሏል። ለእናትሽ ብር ተልኳል። ለእሱ ግን ማንም ምንም ያለው አይመስለኝም።

እኛ «ለትራንስፖርት» የሚለውን ስንሰማ ነገሩ ይገባናል። በዚያው ቀረ እንላለን። ለወንድምሽ ግን ያልተነገረው ነገር አልሆነም። ምናልባት ሥራው ዛሬም የሚጠብቀው ይመስለዋል። ምናልባትም በዚያ ሰዓት በር ላይ መቆም ልማድ ሆኖበታል። የትኛው እንደሆነ እዚህ ሆኜ አላውቅም፤ አንቺም ናፍቆት ነው ብለሽ አትደምድሚ። የሆነው ሆኖ ቁርጡን ሊያውቅ ይገባዋል። ማንበብ ስለሚችል በወረቀት ጻፊለት፦ «የመጋዘኑ ሥራ አልቋል። ወደዚያ አንሄድም። አንተ ምንም አላጠፋህም። ከነገ ጀምሮ ጠዋት 1፡30 ላይ ከእኔ ጋር እስከ ዳቦ ቤት ደርሰን እንመለሳለን።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትተዪያት። ያቺን ሰዓት ባዶ ካደረግሽበት ይጨንቀዋል። ሊያለቅስ ይችላል፤ ያንኑ ጥያቄ ሃያ ጊዜ ሊጠይቅሽ ይችላል። ሃያውንም ጊዜ በዚያው ቃል መልሺለት።

አሁን ወደ መጋዘኑ እንሂድ። ያን ቀን የሆነውን እኔ ሕመም አልለውም። ወንድምሽ የአለቃውን ትእዛዝ አክብሮ ቆመ። ጠብቅ ተባለ፣ ጠበቀ። ሌሎቹ ሌላ ነገር አዘዙት፤ አለቃው እነሱ አልነበሩም። ከዚያ ሳያስበው አንድ ሰው ያዘውና ጎተተው። ጩኸት ባለበት ቦታ በድንገት መነካት ለብዙ ኦቲዝም ላለባቸው ሰዎች እንደ ሕመም የሚሰማ ነገር ነው።

ደግሞ «መጣሁ» የሚለውን ቃል አስቢው። እኛ «መጣሁ» የምንለው ስንሄድ ነው! ሁለት ሰዓት ልንቆይም እንችላለን። ቋንቋችን እንዲህ ያለ ነገር ሞልቶታል። ማዕድ ላይ ያለ ሰው «እንብላ» ሲል እኛ «ብሉ፣ በልቻለሁ» ብለን እናልፋለን። የምር መስሎት እጁን ታጥቦ የሚቀመጥ ወጣት ግን በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ። ሰው ያኮርፈዋል፣ እሱ ለምን እንደሆነ አይገባውም። የውጭ አገር መጻሕፍት ዓይን ዓይን እያዩ ማውራትን አሠልጥኑ ይላሉ። እኛ ዘንድ ታላቅን ዓይኑን አለማየት ጨዋነት ስለሆነ በዚያ ብዙም አይወቀሱም። የሚወቀሱት በሰላምታ ነው። ጠዋት ገብቶ እንደምን አደራችሁ ሳይል ካርቶን ማንሳት የጀመረ ልጅ፣ ሥራውን ቢያሳምርም «ኩሩ ነው» ይባላል። ይህን የሚያስታርቅ ሰው ከመሀል መኖር ነበረበት።

ጥፋቱ የኔ ነው ወይ ብለሽኛል። ሥራ ማስገባትሽ ጥፋት አይደለም፤ በጣም ትክክል ነው። የጎደለው ከገባ በኋላ አብሮት የሚቆም ሰው ነው። በእኛ አገር ትልቁ ልፋት ማስገባቱ ላይ ነው። እንለምናለን፣ ሰው እንይዛለን። ከገባ በኋላ «በሉ አደራ» ብለን እንሄዳለን። ለእንደ ወንድምሽ ላለ ወጣት ዋናው ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ይህ የኔ ግምት ብቻ እንዳይመስልሽ። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ተመራማሪዎች ኦቲዝም ያለባቸውን ወጣቶች በዕጣ ለሁለት ከፍለው አይተዋል። 24ቱ ለዘጠኝ ወር ሆስፒታል ውስጥ እውነተኛ ሥራ ላይ እየተለማመዱ፣ ኦቲዝምን የሚያውቅ ደጋፊ ከአጠገባቸው ነበር። 16ቱ የተለመደውን የትምህርት ቤት ድጋፍ ብቻ አገኙ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲታተም፣ ከ24ቱ 21ዱ ሥራ ይዘዋል። ከ16ቱ አንድ። የሰዉ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው።

እኛ ጋ መንግሥት ደሞዝ ከፍሎ እንዲህ ያለ ሰው አይመድብልሽም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቤተሰቡ ይሸፍናቸዋል። የዓመት ፈቃድ ካለሽ ለዚህ አውጪው። አንቺ ካልቻልሽ የአጎት ልጅ ወይም የሚያምነው የጎረቤት ልጅ ይሁን። መጀመሪያ ሙሉ ሰዓት አብሮት ይዋል፤ ቀስ እያለ ግማሽ ቀን፤ ከዚያ በስልክ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት አሠሪው በቀላሉ ያሰናብታል። ወንድምሽም የወጣው በእነዚያ ውስጥ ነው። ድጋፉ እዚያ ላይ ካልደረሰለት ኋላ ቢመጣ ምን ይፈይዳል?

ሌላም አዋጅ አለ፤ ቁጥር 568/2000፣ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው። ስሙ አካል ይበል እንጂ የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል። አሠሪው የሥራ ቦታውን ምቹ እንዲያደርግም ያዛል። ጋሼን ክሰሺ ማለቴ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ ሥራ ስትጠይቂ አንገትሽን ደፍተሽ እንዳትጠይቂ ነው።

ስለ እናትሽ ትንሽ ልቆይ። «ከቤት አይወጣም» ማለታቸውን እንደ ጭካኔ አትዪው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በራሳቸው ልጅ ምክንያት የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ውስጥ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ወንድምሽ በተወለደበት ሰሞን ማለት ነው። እናትሽ ይህን ልጅ ሲያሳድጉ ጠጋ ብለው የሚጠይቁት ሰው አልነበራቸውም። እርግማን ነው ያላቸው አለ፤ አስተዳደግ ነው ያላቸው አለ። ይህን በደብዳቤሽ አልጻፍሽም፤ ግን ተመሳሳይ ታሪክ ካላቸው እናቶች ሳልሰማው የቀረሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። ልጃቸው መሬት ላይ ተቀምጦ ሰው እንደከበበው ሲሰሙ፣ ያ ሁሉ ተመልሶ መጣባቸው። ከስሩ ደግሞ ያ የማይነገረው አለ፦ እኔ ስሞት ማን ይይዘዋል? አንቺም ሥራ ያስገባሽው በዚሁ ጭንቀት ነው። የተጣላችሁት አንድ ጭንቀት ይዛችሁ ነው።

ቡና ሲፈላ ጠብቂና አጠገባቸው ቁጭ በዪ። ስለ ሥራ አታንሺ። «እማዬ፣ እጁን መንከስ ሊጀምር ሲል በምን ታውቂያለሽ? ምን ታደርጊለታለሽ?» በያቸው። የሚያውቁት ብዙ ነገር አለ። መጀመሪያ ሸሚዙን ጫፍ ይጠቀልላል ይሉሽ ይሆናል። ያን ጊዜ ሬዲዮኑን እዘጋና ጓዳ አስገባዋለሁ ይሉሽ ይሆናል። ያ እውቀት በመጀመሪያው ቀን መጋዘኑ መድረስ ነበረበት። ሳትጠይቂያቸው መሄድሽ ቅር ያሰኛቸው ይመስለኛል። ለዚህች ብቻ ይቅርታ ጠይቂያቸው። እሺ ካሉሽም እንደ ጆይ ወይም ነህምያ ካለ ማዕከል ጋር አገናኚያቸው። ሌሎች እናቶችን ማግኘት ከኔ ምክር የበለጠ ያጽናናቸዋል።

እንደገና ሞክሪለት፤ ግን ራሱን ጠይቂው። «ምን መሥራት ትፈልጋለህ?» ብለሽ አትጠይቂው፣ ሰፊ ነው። ሁለት ቦታ ውሰጂውና አሳዪው፣ ከዚያ የትኛው እንደሚሻለው ይምረጥ። አልፈልግም ካለም መልስ ነው።

ኦቲዝም ያለበት ሁሉ የኮምፒውተር ሊቅ ነው የሚለውን ወሬ ተዪው። ወንድምሽ የሚችለውን በዓይንሽ አይተሻል፦ ቀን አይቶ ተራ መደርደር። መድኃኒት ቤት ስቶር ውስጥ የመጠቀሚያ ጊዜ ያለፈበት መድኃኒት ትልቅ ጣጣ ነው። የሆስፒታል ካርድ ክፍል አለ፣ ቤተ መጻሕፍት አለ። ቦታውን እሱ በሚሠራበት ሰዓት ሄደሽ እዪው። ዝም ብለሽ ቆመሽ ስሚ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የት ነው የሚነሳው? በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ይጀምር። ከሠራተኞቹም አንድ ረጋ ያለ ሰው ፈልጊ። አለቃው አይሁን፣ አለቃ ይወጣል ይገባል።

ለዚያ ሰው ግማሽ ገጽ ጽፈሽ ስጪው። መጀመሪያ ለወንድምሽ አንብቢለት፣ እሺ ይበል፤ ስለ እሱ የሚጻፍ ነውና። እንዲህ ያለ ነገር ይበቃል፦ «ስሙን ጠርተህ አናግረው፣ ሳትነግረው አትንካው። አንድ ነገር ሲጨርስ ሌላውን ንገረው። ጠብቅ ካልከው እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ንገረው፣ ካረፈድክ ደውልለት። ሸሚዙን ከጠቀለለ ጸጥ ያለ ቦታ አሳየውና 10 ደቂቃ ተወው።» ሥራው ከተረጋጋ በኋላም በሳምንት አንዴ ለዚያ ሰው ደውዪ። ብዙ ጊዜ ችግር የሚመጣው ሁሉም ነገር ደህና ነው ብለን ከረሳነው በኋላ፣ አለቃ ሲቀየር ወይም ሰዓት ሲዛወር ነው።

የመጨረሻው ስለ ብሩ ነው። «ለትራንስፖርት» የተላከው ደሞዝ አይደለም። ወንድምሽ አምስት ሳምንት ሠርቷል። ጋሼ ክፉ ሰው አይመስሉኝም፤ ግራ ገብቷቸው ነው። ሂጂና በአክብሮት ንገሪያቸው፦ «ጋሼ፣ ያን ቀን ጠብቀኝ ብለውት ነበር፣ ሲጠብቅዎት ነው የቆየው። የሠራበትን እንዲከፍሉት ነው የመጣሁት።» ሲከፍሉ በአንቺ ወይም በእናትሽ በኩል አይሁን። የባንክ ደብተር ከሌለው ይዘሽው ሂጂና በስሙ አስከፍቺለት። ከተቻለ ብሩን ጋሼ ራሳቸው በእጁ ይስጡት፣ «ሥራው አልቋል፣ ይህ የሠራህበት ነው» ይበሉት። እሱም ቆጥሮ ይቀበል። እንደማውቃቸው ወጣቶች ከሆነ ሁለቴ ይቆጥረዋል። አታቻኩዪው።