በተራቆተ ኮረብታ ላይ ግራርን መመለስ፦ ለአንድ አርሶ አደር ጥያቄ የተሰጠ ምክር

ጥያቄ፦ ከአዳማ ከተማ ወጣ ባለ ቀበሌ የምኖር አርሶ አደር ነኝ። የክረምት በጎ ፈቃድ ወጣቶች ከማሳዬ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ሁለት ዓመት በተከታታይ ችግኝ ቢተክሉም አብዛኛው በበጋው ደረቀ። ዘንድሮ የቀድሞውን ግራርና ሣር እንመልስ ብለው ትብብሬን ጠይቀውኛል፤ ከብቶቼን የማሰማራው ግን እዚያው ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ይተባበሯቸው፤ ነገር ግን ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት ኮረብታውን አብራችሁ ዙሩትና ጉቶዎቹን ፈልጉ። ለከሰል የተቆረጠ ግራር ሥሩ ካልሞተ በየክረምቱ ያቆጠቁጣል፤ ፍየል ቀንበጡን እየቀነጠሰች ከጉልበት በላይ እንዳያድግ ስለምታደርገው ተራ ቁጥቋጦ ይመስላል እንጂ ውኃ ወዳለበት ጠልቆ የሄደ የብዙ ዓመት ሥር አለው። ከእያንዳንዱ ጉቶ ሁለት ሦስት ጠንካራ ቀንበጥ አስቀርታችሁ የቀረውን ብትቆርጡና ቦታውን ከእንስሳት ንክኪ ብትከልሉ፣ በዚያው ክረምት ከተተከለ ችግኝ እጅግ ፈጥኖ ያድጋል።

በየቦታው መቆፈር ሌላም ጉዳት አለው፤ በአካባቢያችን የተገለበጠ አፈር ላይ ቀድሞ የሚበቅለው ቅንጨ አረም ነው። አበባ ሳያወጣ፣ እጅን በጓንት ሸፍኖ ከነሥሩ መንቀል ያስፈልጋል፤ ላሞች ከበሉት የወተቱን ጣዕም ያበላሻል።

የከብቶቹ ነገር እንደሚያሳስብዎት እረዳለሁ፤ ሥጋትዎም ተገቢ ነው። በተከለለው ቦታ ሣሩ ቶሎ ስለሚያገግም አጭዶ ማብላት ይቻላል። ሣር ለመኖ የሚሻለው ማበብ ሲጀምር ሲታጨድ ሲሆን፣ ዘሩን ካራገፈ በኋላ ገለባ ይሆናል፤ ስለዚህ አብዛኛውን በጊዜው አጭዳችሁ ለዘር የሚሆን ጥቂት ቦታ ሳይነካ ተዉ። ማን ምን ያህል እንደሚያጭድ ግን ከቀበሌው ጋር አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። ያለዚያ አጥሩ በጥር ወር መፍረሱ አይቀርም።

ጉቶ በሌለበት ገላጣ ቦታ ብቻ ችግኝ ትከሉ። የፕላስቲክ ከረጢቱን ስትቀዱ ሥሩን ተመልከቱ፤ በችግኝ ጣቢያ ብዙ የቆየ ግራር ሥሩ ከታች እንደ ሽቦ ተጠምዝዞ ይገኛል፤ ያንን ክፍል በምላጭ ሳይቆርጡ ቢተክሉት ወደ ታች መውረድ አቅቶት በበጋው ይደርቃል። ያለፉት ችግኞች የደረቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሞቱት ጥቂቱን ነቅላችሁ አረጋግጡ። ተከላው በሐምሌ፣ አፈሩ በደንብ ከራሰ በኋላ ይሁን፤ ከችግኙ በታች በኩል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው እርከን አብጁ፤ ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ ያቁርላችኋል።

በራስዎ ማሳ ደግሞ ጥቂት ገርቢ (የግራር ዘመድ የሆነ ዛፍ) ቢያበቅሉ ደስ ይለኛል። ቅጠሉን የሚያራግፈው በክረምት ስለሆነ ጤፍዎን አያጠላበትም፤ በበጋ የሚያፈራው ፍሬ ለከብት መኖ ይሆናል። ዘሩን ውኃ ውስጥ ጨምረው በነቀዝ የተበሳውንና የሚንሳፈፈውን ይጣሉ፤ በቀረው ላይ የፈላ ውኃ አፍስሰው እየቀዘቀዘ አንድ ቀን ሙሉ ያቆዩትና አብጦ ሲያዩት ይዝሩት።