መልስ፦ የሰው ዘር በሁለት እግሩ መሄድ መጀመሩን ከአጥንት እንዴት ላሳያቸው?

ተማሪዎችዎ በስላይድ አልገባቸው ካለ ከጉልበት ይጀምሩ፤ ዳሌው ይቆይ።

የሰውና የቺምፓንዚ የጭን አጥንት ቅጂ ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ያቁሙ፣ የጉልበቱ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ። የቺምፓንዚው ቀጥ ይላል፤ የሰው ወደ ውጭ ያዘነብላል። ከዚያ ድንቅነሽ ከመገኘቷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1973 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ ሐዳር የተገኘውን የጉልበት ቅሪተ አካል ቅጂ ያምጡ። እሱም እንደ ሰው ያዘነብላል፤ ባለቤቱ በሁለት እግሩ ይሄድ እንደነበር የሚያሳየው ይህ ነው። አጥንቶቹን በእጃቸው ይያዙ፤ ያን ጊዜ ነው የሚገባቸው።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። ይህ ማዘንበል ስንወለድ የለም፤ ሕፃኑ ቆሞ መሄድ ሲጀምር፣ አጥንቱ በሚሸከመው ክብደት እየተቀረጸ ይመጣል። ጨርሶ ባልተራመደ ልጅ ላይ አይታይም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት «በዘር የሚወረስ ቅርጽ» ብዬ አልፌው ፈተና ላይ ሁሉም ያንኑ ጻፉልኝ። ስህተቱ የእኔ ስለነበር ክፍለ ጊዜውን ደግሜ አስተማርኩት።