የመድኃኒቱ ቁጥር ሲቀንስ የሚከብድ ግምገማ፦ ለወጣት ፋርማሲስቶች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

በቅርቡ በአንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ወጣት ፋርማሲስት፣ «አምስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት የሚወስደውን ታካሚ ‹ውስብስብ› ብለሽ መድኃኒቶቹን ስትገመግሚ ረጅም ጊዜ ስጪው ተብያለሁ፤ ይህ ይበቃል ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ለዓመታት ያልወጣልኝን ቁጭት ስለቀሰቀሰብኝ መልሱን ለሁላችሁም ልጽፈው ወደድሁ።

እኔ በሠራሁበት ጤና ጣቢያም ደንቡ ይኸው ነበር። አንዲት እናት በልጅነቷ ከያዛት የሩማቲክ ትኩሳት የተነሣ የልቧ ቫልቭ ጠብቦ፣ የልብ ምቷም ተዛብቶ ስለነበር፣ ደሟ እንዳይረጋ ዋርፋሪን ትወስድ ነበር፤ ከእሱም ጋር የሚያሸና ክኒንና በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ነበራት። ዋርፋሪኑን የሚያዝላትና የአይኤንአር ምርመራዋን (ደሟ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካውን) የሚሠራላት ሆስፒታሉ ሲሆን፣ ሌላው ክትትሏ እኛ ዘንድ ነበር። በዚህ ላይ ቲቢ ተገኘባትና በእኛው ጤና ጣቢያ የስድስት ወር ሕክምና ጀመረች። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ጉበት ዋርፋሪንን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ፣ ሆስፒታሉ የዋርፋሪኑን መጠን ደጋግሞ ሲጨምር ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ ደረሰ። በእነዚያ ወራት መድኃኒቶቿ ከአምስት በላይ ስለነበሩ በየቀጠሮዋ ተረጋግተን እናነጋግራት ነበር።

አደጋው የመጣው ከቲቢው ስትድን ነው። ሕክምናዋን ጨረሰች፣ ሁላችንም ደስ አለን፣ መድኃኒቶቿም ወደ ሦስት ወረዱ፤ ስለዚህ ስሟ አጭር ጊዜ ወደሚሰጣቸው ታካሚዎች ዝርዝር ተዛወረ። የሪፋምፒሲን ጉልበት ግን ክኒኑ በቆመ ማግስት አይጠፋም፤ በሳምንታት ውስጥ እየደከመ ሲሄድ ያ የተጨመረው ዋርፋሪን ከሚፈለገው በላይ እየበረታ ይመጣልና፣ አይኤንአር ቶሎ ቶሎ እየተለካ መጠኑ መቀነስ የነበረበት ያን ጊዜ ነበር። የቲቢ ክፍሉ መዝገብ «ሕክምናዋን አጠናቃለች» ይላል፤ የሆስፒታሉ ቀጠሮ ገና ሩቅ ነው፤ በእኛ መስኮት ደግሞ ሦስት መድኃኒት ያላት፣ ምንም ሕመም ያልተናገረች ሴት ድርሻዋን ተቀብላ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ አንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሶ በአምቡላንስ ተወሰደች። ሕይወቷ ተረፈ፤ እንጀራ እየጋገረች ልጆቿን ያሳደገችበት ቀኝ እጇ ግን ከዚያ ወዲህ አልታዘዛትም።

በዚያው ሰሞን ዘጠኝ መድኃኒት የሚወስዱ አንድ አባት ነበሩ። ልጃቸው መድኃኒቶቹን በጥንቃቄ ለይታ ታስቀምጥላቸዋለች፣ ግፊታቸውና ስኳራቸውም ከወር እስከ ወር አይናወጥም፤ ያም ሆኖ ረጅሙ ሰዓት የእርሳቸው ነበር። የእርሳቸው ነገር በእርግጥ የሚከብደው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ለሚቆዩ ሰው ጠዋት የሚወሰደው የስኳር ክኒን ግሊቤንክላማይድ የደም ስኳርን አደገኛ በሆነ መጠን ሊያወርድ ይችላል። መድኃኒቱ ያው ዘጠኝ ሆኖ ሳለ ግምገማው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ሥራ ይሆናል።

እናንተ ከእኛ ዘመን ይልቅ ታካሚን ማዕከል ያደረገ ትምህርት ስለተማራችሁ ከልቤ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ስልካችሁን ቶሎ ታምናላችሁ። መድኃኒቶች እርስ በርስ መጋጨታቸውን የሚያሳየው የስልክ መተግበሪያ የሚያነጻጽረው ያስገባችሁለትን ነው፤ ባለፈው ሳምንት የቆመውን መድኃኒት ማንም አያስገባለትም። በ2004 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ የተዘጋጀው 65 ነጥቦች ያሉት የመድኃኒት ውስብስብነት መለኪያም የሚመዝነው የመድኃኒቱን ቅርጽ (ክኒን ይሁን መርፌ ወይም ሌላ)፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድና ተጨማሪ መመሪያዎቹን ነው። ለታካሚው አወሳሰዱ ምን ያህል እንደሚከብድ በሚገባ ያሳያል፤ ገምጋሚው ምን ያህል መመርመርና ከስንት ሰው ጋር መመካከር እንዳለበት ግን አይነግራችሁም። ይህን ስል ቁጥርን ናቁ ማለቴ አይደለም፤ ወረፋው ሲረዝም እኔም የምጀምረው ከቁጥር ነው።

ለጠያቂዬ የምመክራት በመዝገቧ ላይ ከመድኃኒቱ ብዛት ጎን አራት ነገሮችን እንድትጽፍ ነው፦ ባለፉት ሁለት ወራት የተጀመረ ብቻ ሳይሆን የቆመ መድኃኒት መኖሩን፤ ታካሚው በስንት ተቋም እንደሚታከም፤ ውሳኔው የኩላሊት፣ የአይኤንአር ወይም የስኳር ውጤት የሚጠብቅ መሆኑን፤ መድኃኒቱን በቤት ውስጥ የሚሰጠው ማን እንደሆነ። ኃላፊዋ በቀን ስንት ታካሚ እንደገመገመች ሲጠይቋት ይህን መዝገብ ታሳያቸው፤ ለአንዲት ባለ ሦስት መድኃኒት ሴት ሲባል ለሆስፒታሉ ሐኪም የተደወለበት ግማሽ ሰዓትም እዚያው ተጽፎ ይገኛል።