ለሹም ለተጠጋችሁ ልጆች

“ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የምትባለዋን ተረት ከወጣት አፍ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ተረቷን ያወጣው ሰው የተሻረ ሹም ቤት ገብቶ ያየ አይመስለኝም። እኔ ግን ገብቻለሁ። ሲቆጨው ያየሁት ያልበላው አይደለም፣ የበላው ነው።

ሙያዬ ሒሳብ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ባሉ መሥሪያ ቤቶች መጀመሪያ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ኋላም ኦዲተር ሆኜ አርጅቻለሁ። ፖለቲከኛ ሆኜ አላውቅም። ግን ኦዲተር የሹሞችን ጓዳ አንዳንዴ ከሚስቶቻቸው በላይ ያውቃል። ይህን የምጽፈው ሥራ ለጀመራችሁ ልጆች ነው፤ በተለይ ቶሎ ለታያችሁት። አለቃው በስም መጥራት የጀመራችሁ፣ “እሱን ልጅ ላኩልኝ” የምትባሉ፣ ስብሰባ ላይ ከኋላ ወንበር ተነሥታችሁ ወደ ጠረጴዛው የተጠጋችሁ። ቤተኛ የሆናችሁ ማለቴ ነው።

የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። እኛ አገር የፖለቲካ ሰው በሙስና የሚወድቀው በበላ ቀን አይደለም። ከወዳጆቹ በተጣላ ቀን ነው። በበላ ቀን የሚሆነው ሌላ ነው፦ ፋይል ይከፈትለታል። ፋይል ስል የግድ ወረቀት አይደለም። ያደረሰው ሾፌር አለ፣ ቼኩን የጻፈችው ልጅ አለች፣ ብሩን የሰጠው ነጋዴ አለ፣ አብሮት የበላ ጓደኛ አለ። ፋይሉ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል። ሰውየው ተወዳጅ እስከሆነ ድረስ ማንም አይነካውም። ሲጣላ ግን መሳቢያው ይሳባል።

አቶ ታምራት ላይኔን ውሰዱ። እናንተ ብዙዎቻችሁ አልተወለዳችሁም ነበር። ከኢሕአፓ፣ ከኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ፣ ወጥተው ኢሕዴንን፣ የኢትዮጵያ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄን፣ ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። ኢሕዴን ደግሞ በዋግና በሰሜን ወሎ ተራሮች የታገለ ድርጅት ስለሆነ ለእኛ የሩቅ ወሬ አልነበረም። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ሰውየው ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ የሽግግር መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። እስከ 1987 ቆዩ። ከዚያ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና መከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። ከዚህ በላይ ቤተኛ መሆን አለ? ጥቅምት 1989 ላይ ከፓርቲውም ከመንግሥቱም ተባረሩ። በ1992 በሙስና ተፈርዶባቸው 18 ዓመት ተበየነባቸው። የወጡት በ2001 ነው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ታስረው። እስር ቤት ውስጥ የሃይማኖት ሰው ሆነዋል፣ እሱ የራሳቸው ጉዳይ ነው። እኔን የሚገርመኝ ፍጥነቱ ነው። አንድ ሰሞን ሠራዊቱን የሚያዝ ሰው፣ በሚቀጥለው ሰሞን ስሙን ጮክ ብሎ የሚጠራ ወዳጅ አጣ።

ከእሳቸው በፊት መከላከያን የያዙት አቶ ስዬ አብርሃ ነበሩ። መጋቢት 1993 ሕወሓት ለሁለት ተሰነጠቀ፤ አቶ ስዬ ከተሸነፈው ወገን ሆኑ። ብዙ ወራት ሳይቆይ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽንም የተቋቋመው በዚያው ሰሞን ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 235/1993። ፍርድ ቤት በዋስ ሲለቃቸው ፖሊስ እንደገና ያዛቸው፤ ከዚያ ሕግ ወጥቶ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ ተደረገ። እስከ 1999 ታሰሩ። አስቡት፣ ተከታትለው አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ክስ ወህኒ ወረዱ።

ከዚያ ወዲህም አልቆመም። የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት አቶ መላኩ ፈንታ ግንቦት 2005 ታሰሩ፣ በ2010 ነፋሱ ሲቀየር ክሱ ተቋርጦ ወጡ። አቶ በረከት ስምዖን፣ ከአቶ ታምራት ጋር በረሃ የነበሩት፣ ያ ሁሉ ዘመን የመንግሥት አፍ ሆነው ኖረው ጥር 2011 በጥረት ኮርፖሬት፣ በፓርቲያቸው ሥር በነበረው የንግድ ድርጅት፣ ጉዳይ ተያዙ። በ2012 ባሕር ዳር ላይ ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው።

እንዳታጣምሙብኝ። ንጹሕ ናቸው አላልኩም፣ ጥፋተኛ ናቸውም ብዬ እኔ አልፈርድም። ፋይሉን ያየው ፍርድ ቤት ነው። እኔ የማወራው ስለ ቀኑ ነው። ክሱ ስለቆየ ነገር ሆኖ፣ እስሩ ግን ሁልጊዜ ከጠብ ማግሥት ይመጣል። ወንጀሉ ካለ ዓመታት አስቆጥሯል፣ ያወቁም ነበሩ። ታዲያ እስከዚያ ድረስ የት ነበሩ?

በጃንሆይ ጊዜ እንኳ አወዳደቁ ለስለስ ያለ ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ከንጉሡ ቀጥሎ የሚፈሩ ሰው ነበሩ፤ ከሳቸው ፊት ሳያልፍ ወደ ዙፋኑ የሚደርስ ወረቀት አልነበረም ይባላል። በ1947 ተነሡ። አልታሰሩም፣ አርሲን እንዲገዙ ተላኩ። የዛሬ ሹም ተነሥቶ አርሲን ቢሰጡት ጮቤ ይረግጣል።

የትልልቆቹን ተዉትና ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ። በአንድ መሥሪያ ቤት የነበረ ሰው ላውጋችሁ። ስሙንም ቤቱንም አልጠራም፣ ልጆቹ እዚሁ አድገው እዚሁ ናቸው።

ጸሐፊ ሆኖ ነው የገባው። ፈጣን፣ ተጫዋች፣ ሰው የሚያውቅ። ሰው ሲታመም ሆስፒታል ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። አንድ የክልል ሹም ለሥራ ወደ ደሴ በመጣ ቁጥር ተቀባዩ እሱ ሆነ፤ ሐይቅ ወስዶ ዓሣ ያበላዋል፣ ማታ ያጫውተዋል። ብዙም ሳይቆይ ክፍል ኃላፊ፣ ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሆነ። ማንም አልከፋውም፣ እውነቴን ነው። ጥሩ ሰው ነበር።

አበላሉም በአንዴ አልነበረም። መጀመሪያ ስልክ ነው፦ “ይቺ ጉዳይ እንዳትጉላላ።” ቀጥሎ ምሳ። ቀጥሎ የጽሕፈት መሣሪያ ግዥ ላይ ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም ከሦስት ነጋዴ የመጣ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ቀረበ። ሦስቱን ሳያቸው ማህተማቸው የተለያየ፣ የእጅ ጽሑፋቸው ግን አንድ ነው፤ ሌላው ቀርቶ የፊደል ስሕተታቸው እንኳ አንድ ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ ያኔ ገንዘብ የሚወርድበት ከተማ ሆኖ ነበር። ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ባቡሩ፣ መጋዘኑ፣ ቦታ ፈላጊው፣ ደላላው። ፊርማ ያለው ሰው ሁሉ በር ላይ ወረፋ ይጠብቀው ነበር።

ያየሁትን ግኝት ብዬ ጻፍኩ። መልሱ “በቀጣይ ይስተካከላል” ሆኖ መጣ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ጻፍኩ። እንደገና “በቀጣይ ይስተካከላል።” ሪፖርቱ ለሚመለከታቸው ሁሉ ደርሷል፣ አንብበውታል። እንዲያውም አንዱ መንገድ ላይ አግኝቶኝ “ጋሼ፣ አንተ ደግሞ ታካብዳለህ” ብሎ ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ሄደ።

ከዚያ የክልሉ ሹም በግምገማ ተነሣ። በቃ። የእኛም ሰው ብዙ አልቆየም። አቧራ ጠጥቶ የተቀመጠው ሪፖርት ተፈልጎ ወጣ፣ ኮፒ ተደረገ፣ ስብሰባ ላይ ተነበበ። ትከሻዬን የመታኝ ሰውዬ ተነሥቶ “ይህንን ሕዝብ የሚበድል አካሄድ ከመጀመሪያውም ስቃወም ነበር” ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ከግኝቱ አንድ ፊደል አልተቀየረም። የተቀየረው ሰውየው ሲደውል ስልኩን የሚያነሣለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፣ ምክንያቱም ከእናንተ ውስጥ ኃላፊ የሚሆነው ጥቂት ነው፣ ከኃላፊ ሥር የሚሠራው ግን ብዙ ነው። እዚያ ቤት አንድ ንብረት ክፍል የሚሠራ ልጅ ነበር። አዲስ ተመራቂ፣ ዝምተኛ። ኃላፊው ደውሎ “ሲሚንቶው ነገ ይገባል፣ ነጋዴው ክፍያው እንዳይዘገይበት ሞዴል 19 ቁረጥለት” አለው፤ ሞዴል 19 ዕቃ ሲገባ የሚቆረጥ የመረከቢያ ደረሰኝ ነው። ቆረጠ። ሲሚንቶው ነገም አልገባ፣ ከነገ ወዲያም አልገባ። ልጁ አንድ ብር አልበላም፣ ይህን በእርግጠኝነት እናገራለሁ። ነገር ግን ዕቃ ተረክቤአለሁ የሚለው ፊርማ የማን ነው? የእሱ። ትእዛዙስ? በስልክ ነበራ። ኃላፊው “እኔ እንደዚያ አላልኩም” አለ፣ አለቀ። ኃላፊው ደህና ጠበቃ ገዛ። ልጁ እናቱ በሬ ሸጣ ነው የተከራከረችለት። ተፈርዶበት ሲወጣ ሥራ የሚሰጠው አጣ፣ አሁን የሰው ባጃጅ ይነዳል። ኃላፊው ደግሞ ታስሮ ወጥቶ ነግዶ ይኖራል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ከሹም ጋር አትዋሉ አልላችሁም። ሥራ ነው፣ ከአለቃ ጋር ትውላላችሁ። ጎበዝ ከሆናችሁ ይወዷችኋል፣ ቢወዷችሁም ጥሩ ነው። የምለው መወደድን ከለላ አታድርጉት ነው። በቃል የታዘዛችሁትን በጽሑፍ መልሱት። “ዛሬ በስልክ በሰጡኝ ትእዛዝ መሠረት ይህን ለመፈጸም በጽሑፍ እንዲረጋገጥልኝ እጠይቃለሁ” ብሎ ሁለት መስመር መጻፍ ንቀት አይደለም። ብዙ ጊዜ ትእዛዙ ራሱ እዚያው ይቀራል፣ ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ንጹሕ ትእዛዝ ያዘዘ ሰው ወረቀት አይፈራም። የግዥ ኮሚቴ ውስጥ ከገባችሁ፣ ካልተስማማችሁ፣ “የልዩነት ሐሳቤ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ” በሉ። ፊት ያጠቁሩባችኋል። ይጥቆር። ቃለ ጉባኤውን ደግሞ ሳታነቡ እንዳትፈርሙ፣ “ጊዜ የለም፣ ነገ ታነበዋለህ” የሚል ሰው ሁልጊዜ አለና።

ሀብት ማስመዝገቡንም እንደ ቀልድ አትዩት። አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚውንም ተመራጩንም በሕጉ የሚመለከተውን ሠራተኛም ያለውን እንዲያስመዘግብ ያዛል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ደግሞ ምንጩ ያልታወቀ ሀብት ይዞ መገኘትን ራሱን ወንጀል አድርጎታል። ማለትም ከየት እንዳመጣችሁት የምታስረዱት እናንተ ናችሁ። ቤቱን በአማት ስም፣ መኪናውን በወንድም ስም አድርጌአለሁ ብሎ ልቡን የሚነፋ አለ። አማት ስትጠየቅ ምን እንደምትል አላሰበም። ደግሞስ አማትህ ከሞተችና ወራሾቹ ከካዱህ ማን ዘንድ ሄደህ ትከሳለህ?

ደሞዛችሁ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ደሴ ላይ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ፣ ለቤተሰብ ቆርጦ፣ ወሩን መድፈን ከባድ ነው። በዚህ ላይ አብሮህ የተመረቀው መሬት አስተዳደር ገብቶ በሁለት ዓመት መኪና ሲይዝ ስታይ “እኔ ነኝ ጅሉ?” ትላለህ። አይደለህም። ግን ይህን በስብከት አላሳምንህም፣ ስለዚህ የሒሳብ ሰው ምክር ልስጥህ፦ ከወንበሩ ውጪ የምትበላበት ሙያ ያዝ። ሒሳብ መዝጋት ይሁን፣ ጥገና ይሁን፣ ማስተማር ይሁን፣ ንብ ማነብም ይሁን። ነገ “ልቀቅ” ቢሉህ የምትሄድበት ያለህ ሰው ከሆንክ ማንም በጓዳ በር አስገብቶ አያስፈርምህም። ያየኋቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሆዳም ሆነው አልነበረም የገቡበት። ከዚያ ወንበር ከወረዱ ምንም እንዳይደሉ ስለሚያውቁ እንቢ ማለት አቃታቸው። ከትምህርት ቤት ወደ ካድሬነት፣ ከካድሬነት ወደ ሹመት የሄደ ሰው ሲወርድ የት ይገባል?

ሌላ፣ ሰው ሲወድቅ አታጨብጭቡ። የተከሰሰ ሁሉ ሌባ አይደለም፣ የተፈታም ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ትናንት ያጎነበሱለት ሰዎች ዛሬ በድንጋይ ሲቀድሙ ካያችሁ ስማቸውን ያዙ። ነገ እናንተንም የሚወግሩ እነሱ ናቸው።

ይህን ሳወራ ብዙ ጊዜ ከመሀል አንዱ ጠጋ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ “ጋሼ፣ ቀድሞ የፈረምኩስ?” ይለኛል። አብሽር፣ ዛሬ ጻፍ እለዋለሁ። በስልክ አታውራው፣ ለባልደረባ አታማክረው። የሆነውን፣ ቀኑን፣ ማን እንዳዘዘህ፣ ምን እንደፈረምክ ያለ ስድብ በአጭሩ ጻፍና ለበላይ ኃላፊ ወይም ለኦዲት አቅርብ። ፊርማህ ከባድ ነገር ላይ ከሆነ መጀመሪያ ጠበቃ ጠይቅ። የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 699/2003፣ አንብበው። ደብዳቤውን ግን በእጅ ሰጥተህ እንዳትመጣ። መዝገብ ቤት ግባና ቁጥር አሰጥ፣ ቅጂህ ላይ የገቢ ማህተም አስመታ። ቅጂውን ቤትህ አስቀምጥ እንጂ ቢሮ አትተወው፣ የመሳቢያህ ቁልፍ አንተ ጋ ብቻ ላይሆን ይችላል።