ከኮምቦልቻ እስከ ላሊበላ በአየር ስንት ደቂቃ ነው?

ጥያቄ፦ የደሴ ነዋሪ ነኝ። እናቴን ለገና ወደ ላሊበላ በአውሮፕላን ልወስዳቸው አስቤ ስልኬ ላይ ባሰላ፣ ከኮምቦልቻ ርቀቱ 127 ኪሎ ሜትር፣ ጊዜው 12 ደቂቃ ነው አለኝ። ይህ እውነት ነውን?

መልስ፦ ርቀቱ ልክ ነው፤ ደቂቃው ግን አያስተማምንም። ስልክዎ ርቀቱን በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚበር እንደ ዳሽ 8 ኪው 400 ላለ አውሮፕላን ፍጥነት ከማካፈል በቀር ሌላ አላሰበም፤ በእንዲህ ያለ አጭር መንገድ ግን አውሮፕላኑ ከፍታውን ይዞ ሳይጨርስ ለማረፍ መውረድ ስለሚጀምር፣ በሙሉ ፍጥነቱ የሚጓዝበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። በቀጥታ ቢበሩ እንኳ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይያዙ።

ከዚህ ይልቅ ሊያሳስብዎ የሚገባው መስመሩ ነው። ቲኬቱ በአዲስ አበባ በኩል ከሆነ፣ እስከ ቦሌ 250፣ ከቦሌ ላሊበላ ደግሞ 330፣ በድምሩ 580 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራሉ፤ ቦሌ ቁጭ ብለው የሚጠብቁት ሰዓት ሳይቆጠር ማለት ነው። አየር ማረፊያው በዓለም አቀፍ መለያ ፊደላቱ የደሴ ቢባልም ያለው ኮምቦልቻ ስለሆነ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ የሚወርዱበትንም ጊዜ አይርሱ፤ በተለይ ጠዋት ጉም ከወረደ መኪናው መብራት አብርቶ የሚያዘግምበት መንገድ ነውና።